ግራመር ከዋልካው ላይ

እንግሊዘኛ ግራመር አፈር እየነኩ ነው የሚገባው ስል ሰው ቀልድ ይመስለዋል። ቀልዴን አይደለም። እኔ ዲኤ ነኝ፣ የቀበሌ የግብርና ባለሙያ ማለት ነው፣ ጃማ ውስጥ ከደጎሎ ወጣ ብሎ ያለ ቀበሌ ነው የምሰራው፣ ስራ ቀለል ሲል ደግሞ ከሰአት ኤፍቲሲው (የገበሬዎች ማሰልጠኛው) ግቢ ውስጥ ዘጠነኛና አስረኛ ክፍል የሆኑ የሰፈሩን ልጆች እንግሊዘኛ አስጠናለሁ። ማንም አስጠና ብሎኝ አይደለም፣ የጎረቤት ልጅ መጣች፣ ከዛ ወንድሟን አመጣች፣ ከዛ በቃ እንዲሁ በዝተው ቀሩ።

የያዙት የግራመር መጽሃፍ ምሳሌው ሁሉ ስለ ባቡር ጣቢያ፣ ስለ ሙዚየም፣ ስለ በረዶ ሸርተቴ ነው። ልጁ እኮ ጠዋት በሬ ጠምዶ አርሶ የመጣ ነው፣ የበረዶ ሸርተቴ ምን እንደሆነ ሲያስብ ቴንሱ ጥሎት ይሄዳል። ነገሩንም ቋንቋውንም ባንዴ ነው የምናሸክመው። አፈር ላይ ግን ነገሩን ከኔ በላይ ያውቀዋል፣ የሚቀረው ቋንቋው ብቻ ነው። ደግሞ ሃይስኩል ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በእንግሊዘኛ ስለሆነ ያቺው አረፍተነገር ሁለት ቦታ ታገለግለዋለች።

ከዋልካ ነው የምጀምረው፣ ከጥቁሩ ሸክላ አፈር ማለት ነው። ጃማንና ወረኢሉን የረገጠ ሰው ዋልካን ያውቃል፣ ክረምት ላይ ጫማ ይነጥቃል፣ ውሃ ይተኛበታል፣ በጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። «ክሌይ ስዌልስ ዌን ኢት ጌትስ ዌት። ኢት ክራክስ ዌን ኢት ድራይስ።» ሲምፕል ፕረዘንት ማለት ይሄው ነው። አንዱ ልጅ «ያበጠው እኮ አምና ክረምት ነው፣ ለምን ስዌልድ አይባልም?» አለኝ፣ ጥሩ ጥያቄ ናት። አምናም አብጧል ዘንድሮም ያብጣል ለከርሞም ያብጣል፣ ጠባዩ ነዋ። የሸክላው ቅንጣት ከ0.002 ሚሊሜትር ያነሰ ነው፣ ዋልካ ውስጥ የሚበዛው ስሜክታይት የሚባለው ማእድን ደግሞ ንብርብር ነው፣ ውሃው በንብርብሩ መሃል ሲገባ ያራርቀዋል፣ ሲወጣ ይኮማተራል፣ ስንጥቁም ከዚህ ነው የሚመጣው። ይሄንን ከነምክንያቱ የተረዳ ልጅ ሲምፕል ፕረዘንት መቼ ነው የምንጠቀመው ብለህ ብትጠይቀው መጽሃፉን አይገልጥም።

የምትጠፋው ያቺ መጨረሻ ላይ ያለችው «ስ» ናት። በአማርኛ ግሱ ራሱ ባለቤቱን ተሸክሞ ነው የሚዞረው፣ ያብጣል፣ ታብጣለች፣ ያብጣሉ፣ ማን እንደሆነ ሁሌ ይታወቃል። እንግሊዘኛ ያንን ሁሉ አራግፎ ለሂ፣ ለሺና ለኢት ብቻ አንዲት «ስ» አስቀርቷል፣ ልጆቹ ደግሞ ለዚች ትንሽ ነገር ብላችሁ ነው ወይ እያሉ ይጥሏታል። ተመሳሳይ ችግር ዩሪያ ላይ አለ፣ «ዩሪያ ኢዝ ኮንቴይኒንግ ናይትሮጅን» ይላሉ። አይሆንም፣ ዩሪያ 46 ፐርሰንት ናይትሮጅን አለው፣ 50 ኪሎው ጆንያ ውስጥ 23 ኪሎ ማለት ነው፣ ይሄ አሁን እየተደረገ ያለ ስራ አይደለም፣ ስለዚህ «ኮንቴይንስ» ብሎ ማለፍ ነው።

ኮምፓራቲቭ ሳስተምር ጥቁር ሰሌዳም አልጠቀም። ከዋልካው አንድ ጭብጥ፣ ከወንዝ ዳር አንድ ጭብጥ፣ ከገደል ስሩ ካለው ቀይ አፈር አንድ ጭብጥ ያመጣሉ፣ ውሃ ጠብ እያረጉ ያሹታል፣ ከዛ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል እየገፉ እንደ ጥብጣብ ያወጡታል። የወንዝ ዳሩ ገና ሳይወጣ ይበጠሳል፣ አሸዋው ጣት ላይ ይሻክራል። ዋልካው ግን ይሄዳል ይሄዳል፣ ከ5 ሴንቲሜትር በላይ ሳይቆረጥ ከወጣ ሸክላ ነው፣ 2.5 ሳይደርስ ከተቆረጠ ሎም (አሸዋ፣ ደለልና ሸክላ የተቀላቀለበት) ወይ አሸዋ የበዛበት ነው፣ በመሃል ያለው ክሌይ ሎም። እጃቸው ጭቃ እንደሆነ «ዚስ ወን ኢዝ ስቲኪየር ዛን ዛት ወን» «ዋልካ ኢዝ ዘ ስቲኪየስት» እየተባባሉ ይጨቃጨቃሉ፣ ጭቅጭቁ በእንግሊዘኛ እስከሆነ ድረስ እኔ አልገባም። ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያው) ላይ ስንደርስ ደግሞ አንድ ደረጃ ከፍ እንላለን፣ ፒኤች 5 የሆነ አፈር ፒኤች 6 ከሆነው አስር እጥፍ አሲዳማ ነው፣ «ቴን ታይምስ ሞር አሲዲክ ዛን»፣ ይቺን ሂሳብ የሚወዱት ልጆች ቶሎ ያዟት።

አሁን ወደምወደው ልግባ፣ ፓሲቭ ቮይስ። ብዙ ልጅ ፓሲቭ ማለት ፈተና ላይ የሚመጣ የመገልበጥ ጨዋታ ነው ብሎ ነው የሚያስበው፣ አክቲቩን ይሰጡሃል ትገለብጣለህ፣ ማርክ ታገኛለህ፣ አለቀ። ለምን እንደሚገለበጥ የሚነግረው የለም። እኔ አፈር ናሙና እንዴት እንደሚወሰድ አሳያቸዋለሁ። ማሳው ላይ ዚግዛግ እየሄድክ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ ከ0 እስከ 20 ሴንቲሜትር ጥልቀት ትቆፍራለህ፣ ከዛፍ ስር፣ ፍግ ከተከመረበትና ከመንገድ ዳር አትወስድም፣ ባልዲ ውስጥ ትቀላቅላለህ፣ አንድ ኪሎ የሚሆነውን ትለያለህ፣ ጥላ ላይ ታደርቃለህ፣ 2 ሚሊሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት ትነፋለህ። ሰርተን ስንጨርስ ሪፖርት ጻፉ እላለሁ። መጀመሪያ «አይ ኮሌክትድ፣ ማይ ፍሬንድ ሚክስድ፣ ሺ ሲቭድ» ብለው ነው የሚመጡት። ላብራቶሪ ያለው ሰው ባልዲውን ማን እንደያዘ ምን ያረግለታል? የሚፈልገው አፈሩ ምን እንደሆነ ነው። «ሶይል ሳምፕልስ ወር ኮሌክትድ። ዜይ ወር ኤር ድራይድ። ዜይ ወር ፓስድ ስሩ ኤ 2 ሚሊሜትር ሲቭ።» ያኔ ይገባቸዋል። አማርኛም ያው ነው እኮ፣ «ተ» ነው ያለን፣ ተሰበሰበ፣ ተቀላቀለ፣ ተነፋ። ስንናገር እንደልባችን እንጠቀምበታለን፣ ክላስ ውስጥ ፓሲቭ ሲባል ግን አዲስ በሽታ የመጣ ይመስለናል።

በነገራችን ላይ ፓሲቭ የሚወዱት ሳይንቲስቶች ብቻ አይደሉም። «ፈርቲላይዘር ዋዝ ዲስትሪቢዩትድ ሌት» የሚል ሪፖርት ሁላችንም አንብበናል። ማን አዘገየው? አረፍተነገሩ ውስጥ ማንም የለም። ይሄንን ስነግራቸው አንዷ ልጅ «ታዲያ ቲቸር ሰሃን ስሰብር ፕሌቱ ዋዝ ብሮክን ልበላ እማዬን» አለች። ከዛ በኋላ ፓሲቭ ላይ ማስረዳት አቆምኩ፣ ጨርሰውታል።

ቦረቦር ደግሞ ፕረዘንት ፐርፌክትን ያስረዳል። እዚህ ቁልቁለቱ ላይ አንድ ቦረቦር አለ፣ የሰው ማሳ ግማሹን ይዞት ሄዷል። ባለቤቱ ሲያወራ ልብ ብላችሁ ስሙት፣ «አምና ሃምሌ ጎርፉ መሬቴን በላው» ይላል፣ ቦታው ላይ ቆሞ እያሳየህ ከሆነ ግን «ይሄው በልቶታል» ይላል። በላውና በልቶታል አንድ አይደሉም። መቼ እንደሆነ ከተናገርክ በላው፣ ውጤቱ አሁን አይንህ ስር ካለ በልቶታል። «ዘ ፍለድ ዋሽድ አዌይ ማይ ላንድ ላስት ጁላይ» እና «ዘ ፍለድ ኸዝ ዋሽድ አዌይ ማይ ላንድ»። በእንግሊዘኛው ላስት ጁላይን ከኸዝ ጋር አታስቀምጣቸውም፣ ልጆቹ ግን ሁሌ ያስቀምጧቸዋል። ከደሴ በስተደቡብ አልቡኮ ውስጥ ያለው የማይባር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያም እዚህ ላይ ይጠቅመኛል፣ እርሻ ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ በ1981 እ.ኤ.አ ያቋቋሙት ነው፣ አመቱ ስላለ «ዋዝ እስታብሊሽድ ኢን 1981»። ጎርፍ ስንት አፈር እንደሚወስድ በመለኪያ መያዝ ከተጀመረባቸው የሀገራችን ቀደምት ቦታዎች አንዱ ወሎ ውስጥ መሆኑን ብዙዎቹ ከኔ ነው የሰሙት፣ ጂኦግራፊ ላይ ቢነገራቸው ጥሩ ነበር።

የቃላት ቅደም ተከተል ሲያስቸግራቸው ባቄላ እንነቅላለን። ስሩ ላይ ትናንሽ እባጮች አሉ፣ በጥፍር ስትሰነጥቃቸው ውስጣቸው ቀላ ያለ ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያው ስራ ላይ ነው፣ ከአየር ናይትሮጅን እየያዘ ለተክሉ ይሰጣል፣ አረንጓዴ ወይ ቡኒ ከሆነ አልቆለታል። በኛ «ባቄላ ስር ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያ» ነው፣ ገላጩ ሁሉ ፊት ይሰለፍና ስሙ መጨረሻ ላይ ይመጣል። በነሱ ስሙ ቀድሞ ይወጣል፣ ገላጩ ከኋላ ይከተለዋል፣ «ዘ ባክቴሪያ ዛት ሊቭ ኢን ዘ ሩትስ ኦፍ ፋባ ቢንስ»። ባክቴሪያ ደግሞ ብዙ ቁጥር ስለሆነ ሊቭስ አይደለም ሊቭ ነው፣ ያቺን «ስ» እንዳትጨምሯት ስል ይስቃሉ፣ ስንት ቀን ጨምሩ ጨምሩ ስል ከርሜ።

ኮንዲሽናል የአጎቴ ነው። እሱ ለጋምቦ ደጋው ላይ ነው የሚኖረው፣ እዛ በልግ ካልጣለ የቤቱ ነገር ሁሉ ይናጋል። ባለፈው ሄጄ «አጎቴ ዘንድሮ ምን ሊዘሩ ነው?» ስለው «በልግ ከጣለ ገብስ እዘራለሁ ኢንሻ አላህ፣ ካልጣለ ምን አረጋለሁ ልጄ ክረምትን እጠብቃለሁ» አለኝ። ቀጠለና «መስኖ ቢኖረኝ ሽንኩርት እተክል ነበር» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ስላለፈው አመት ሲያነሳ «በልጉ ባይቀር ኖሮ ያኔ ሰኔ ላይ እሸት በልተን ነበር»። ሶስቱንም ኮንዲሽናል በአንድ ቡና ጨረሰልኝ! ቤት ገብቼ እንዳለ ወደ እንግሊዘኛ አዞርኩት። የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል፣ «ኢፍ ኢት ሬይንስ፣ አይ ዊል ሶው ባርሊ»፣ እዚህ ጋ ልጆቹ «ኢፍ ኢት ዊል ሬይን» ይላሉ፣ ኢፍ ካለችበት በኩል ዊል አትገባም። አማርኛውን ብታዩት «ከጣለ» ያለፈ ይመስላል፣ እንግሊዘኛው «ሬይንስ» አሁን ይመስላል፣ ሁለቱም የሚያወሩት ገና ስላልመጣው ዝናብ ነው። ሁለተኛው የሌለ ነገር ነው፣ መስኖ የለውም፣ «ኢፍ አይ ሀድ ኢሪጌሽን፣ አይ ውድ ግሮው ኦኒየንስ»። ሶስተኛው አልፏል አይመለስም፣ «ኢፍ ዘ በልግ ሬይንስ ሀድ ኖት ፌይልድ፣ ዊ ውድ ሃቭ ኢትን ፍሬሽ ባርሊ ባይ ጁን»። የኛ «ባይሆን ኖሮ፣ ነበር» ቁጭ ብሎ ከሀድና ከውድ ሃቭ ጋር ይገጥማል። አንድ አስተማሪ ይቺን ሰርድ ኮንዲሽናል በፎርሙላ ሰሌዳ ሙሉ ጽፎልን ነበር ድሮ፣ ኢፍ ሲደመር ሀድ ሲደመር ምናምን፣ ፎርሙላውን ሸምድጄ ፈተና አለፍኩ እንጂ ያን ጊዜ አንድም ሰው አላናገርኩበትም።

ፕሬፖዚሽን ብዙ አላስቸገረኝም፣ ጉድጓድ ቆፍረህ ማሳየት ነው፣ ገለባው «ኦን ዘ ሶይል»፣ ትሉ «ኢን ዘ ሶይል»፣ ጠጠሩ «አት ኤ ዴፕዝ ኦፍ 40 ሴንቲሜትር»። ሶይል አይቆጠርም ብዬ አስተምሬ ሳበቃ አንዱ ኢንተርኔት ላይ «ቨርቲሶልስ» የሚል አይቶ መጣና ተከራከረኝ፣ እሱም ልክ ነው፣ አይነት ስትቆጥር ሶይልስ ይባላል፣ በአለም አቀፉ የአፈር አመዳደብ ስሞቹ ሁሉ በብዙ ቁጥር ናቸው፣ የኛ ዋልካ ቨርቲሶልስ፣ ተራራው ላይ ድንጋይ የበዛበት ስስ አፈር ሌፕቶሶልስ።

አርቲክል ላይ ግን በአፈርም አልሆነልኝም። «ቴክ ኤ ሳምፕል። ፑት ዘ ሳምፕል ኢን ኤ ፌስታል» ብዬ መጀመሪያ ሲነሳ ኤ፣ ሲደገም ዘ የሚለው ይገባቸዋል፣ እኛም ናሙና ብለን ቀጥለን ናሙናው እንላለን። ችግሩ ምንም የማይገባበት ቦታ ላይ ነው፣ «ዋተር ኢሮድስ ሶይል» ሲል ለምን ባዶውን እንደሆነና «ዘ ሶይል ኢን ጃማ» ሲል ለምን ዘ እንደመጣ አስረድቼ በሁለተኛው ቀን መልሰው ያው ናቸው። ፍሬዛል ቨርብም ገና ነኝ፣ ከእርሻ ያገኘሁት ዲግ አፕ፣ ድራይ አውት፣ ዋሽ አዌይና ብሬክ ዳውን ነው፣ የመጨረሻዋ ኮምፖስት ላይ ቆንጆ ትሰራለች። ሌላ ከእርሻ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ አርቲክሉንም የሚያስረዳ ምሳሌ ያለው ካለ አይሰስት፣ ልጆቹ ፈተና ሳይደርስባቸው ላስገባው ፈልጌ ነው።