የድሬ ውሃና የኔ ባኞ፦ የ5 ሳምንት ትግል እዚህ ደርሷል

ሰላም ነው ቤተሰብ? እሺ፣ የባኞዬን ጉድ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር፣ ይኸው። ለማታውቁ፣ ከአዲስ አበባ ለስራ ድሬዳዋ ከመጣሁ 7 ወር ሆነኝ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ከነዛ ጣሪያቸው ከፍ ካለ የድሮ ቤቶች አንዱን ነው የተከራየሁት፣ ቤቱ ውስጥ ደግሞ እግር ያለው የብረት ባኞ አለ፣ ላዩ ነጭ ኢናሜል (ብርጭቆ መሳይ ሽፋን) የሆነ፣ ሦስት ሰው ተጋግዞ አያነሳውም። ነጭ ስላችሁ ግን ስገባ ነጭ አልነበረም። ውስጡን በእጅ ስትነኩት የብርጭቆ ወረቀት ነው ሚመስለው፣ ከግማሽ ከፍ ብሎ ዙሪያውን እንደ ቀበቶ የዞረ ቡናማ መስመር፣ ከቧንቧው ስር ደግሞ የዝገት ምላስ።

ቀበቶው ከየት እንደመጣ የድሬ ሰው ሳይነግሩት ያውቀዋል። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ በመጣ ቁጥር ባኞው ይሞላል፣ ከዛ በጆግ እየተቀዳ ይሰነብታል፣ ሙቀቱ ደግሞ በጎን ይጠጣዋል፣ ውሃው ሲተን ኖራው የት ይሄዳል፣ እዛው ጠርዙ ላይ ይቀራል። ውሃው ከጉድጓድ ነው፣ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ካልሲየሙ አይጣል ነው፣ ማንቆርቆሪያዬ እንኳን በ2 ሳምንት ውስጥ ነጭ ቅርፊት ያዘ። እኔ የአዲስ አበባ፣ የለገዳዲ ግድብ ውሃ ላይ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ሳሙና እንዲህ አረፋ አልሰጥም ብሎ ሲያኮርፍ አይቼ አላውቅም።

የቤቱን ባለቤት ጠየቅኳት። (እዚህ አገር ትልቅ ሰውም አንቺ ነው ሚባለው፣ እኔ "እርስዎ" ስል ትስቅብኛለች።) "አቦ ተወው፣ እኔ ሳገባም እንዲሁ ነበር" አለችኝ። አልተውኩትም።

የመጀመሪያው ሳምንት በቃ ውርደት ነው። በድስት ሽቦ ጀመርኩ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ፈገፈግኩ፣ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ኢናሜሉ ላይ ግራጫ ጭረትና የትከሻ ህመም ነው። በማግስቱ በረኪና ደፋሁበት። ትንሽ ነጣ ያለ መሰለኝ፣ ሲደርቅ ግን ቅርፊቱ እዛው ነው፣ ነጭ ቅርፊት ሆነ እንጂ አልተነቀለም፣ የዝገቱ ምላስ ደግሞ ጭራሽ ጠቆረ። ለካ በረኪና ዝገትን ያባብሰዋል እንጂ አያወጣውም። ከዛ መጣ ዋናው ጅልነት፣ በረኪናውን በደንብ ሳላጥበው ማታ ላይ አቼቶ አፈሰስኩበት። ወዲያው አፍንጫዬን የሚወጋ ሽታ፣ ሳል፣ እንባ፣ በሩን በርግጄ በረንዳ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፣ ቀልድ የለውም፣ አቼቶም ሎሚም እዚህ ጋር አሲድ ናቸው። የኔ ባኞ ቤት መስኮት ስላለው ነው ዛሬ ምጽፍላችሁ። በረኪናውን ከዛ ቀን ጀምሮ ከባኞ ቤት አስወጥቼዋለሁ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው ነገሩ የገባኝ፣ እሱም በሎሚ ነው። ከቀፊራ ገበያ የገዛሁትን ሎሚ ቆርጬ አንድ ጠብታ ቀበቶው ላይ ጠብ አደረግኩ፣ ጆሮዬን ጠጋ ሳደርግ ትስስስ ይላል፣ ጥቃቅን አረፋ ከስሩ እየተነሳ። ደስ አለኝ። ከዛ ሌላ ጠብታ ጀርባ ሚያስደግፈው ጎን ላይ ጣልኩ፣ ምንም የለም፣ ጠብታዋ ቅቤ ላይ እንደወደቀች ተንሸራታ ወረደች። በጥፍሬ ቧጨርኩት፣ ጥፍሬ ውስጥ የገባው ነገር ግራጫ፣ ለስላሳ፣ ልክ የቀዘቀዘ ሻማ። ያንን ቦታ በሙቅ ውሃና በላርጎ አሽቼ አጥቤ እንደገና ሎሚ ጠብ ሳደርግ፣ ትስስስ!

ኬሚስትሪ የተማረ የስራ ባልደረባ አለኝ፣ ስነግረው ሳቀና አስረዳኝ። ደረቅ ሳሙና ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ ውሃ የማያሟሟው ነገር ይሆናል፣ ካልሲየም ስቴሬት ይሉታል፣ ያቺ ሻማ መሳይዋ እሷ ናት። ኖራው ከስር፣ የሳሙናው ቅባት ከላይ፣ ከዛ ደግሞ ኖራ፣ ከዛ ሳሙና፣ እንደ እንጀራ ተደራርበው ነው ያሉት። አቼቶ ቅባቱን አልፎ ኖራው ጋ አይደርስም፣ ላርጎ ደግሞ ኖራውን አይነካም። እኔ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ስለምመጣ ነው አንዱ ለሌላው ጋሻ ሲሆን የከረመው። ጥያቄው ምን ልጠቀም ሳይሆን ማን ይቅደም ነበር ማለት ነው።

በነገራችን ላይ አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅላችሁ ድፉ የሚሉት ቪዲዮዎች አሉ አይደል፣ ሞክሬዋለሁ፣ ሲፈላ ያምራል፣ ግን ሁለቱ እርስ በርስ ተጠፋፍተው ሚቀረው ውሃ ብጤ ነው። አረፋው ከሶዳው ሳይሆን ከኖራው ሲወጣ ነው ሚጠቅማችሁ።

ከዛ ጀምሮ ማደርገው እንዲህ ነው። ባኞውን በሙቅ ውሃና በላርጎ በስፖንጅ አሻለሁ፣ አለቀልቃለሁ። ከዛ ሶፍት በሞቀ አቼቶ ነክሬ ግድግዳው ላይ እለጥፋለሁ፣ ቁልቁል ስለሆነ ዝም ብሎ ከፈሰሰማ ሁሉም ወደ ታች ነው ሚሄደው፣ ሶፍቱ ግን ይይዘዋል፣ ከላዩ እንዳይደርቅ የተቀደደ ፌስታል አለብሰዋለሁ። 20 ደቂቃ። ሶፍቱን ሳነሳው ቅርፊቱ እንደ እርጥብ ጠመኔ ይሆናል፣ በድሮ ኤቲኤም ካርድ ጋደም አድርጌ ስገፋው ይላጣል። ሲላጥ ያለው ደስታ ሌላ ነው፣ አንዳንዴ የጣት ርዝመት ያለው አንድ ላይ ይነሳል። በመጨረሻ እንደገና ላርጎ፣ ምክንያቱም አሲዱ የሳሙናውን ዝቃጭ መልሶ ስብ ያደርገዋል፣ ስፖንጁ ላይ ራሱ ቅባቱ ይታወቃችኋል። ይሄን በቀን አንድ ክፍል፣ አንድ ክፍል። ሙሉውን ባንዴ ልጨርስ ያለ ሰው ወገቡን ይጨርሳል።

በ3ኛው ሳምንት ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ግማሽ ኪሎ ሲትሪክ አሲድ ላከልኝ፣ ዱቄት ነው፣ ወደ 50 ግራም ለ1 ሊትር ሙቅ ውሃ በጥብጬ ሶፍቱን በሱ እየነከርኩ ከዛ በኋላ አቼቶን ተሰናበትኩ። ያው ስራው አንድ ነው፣ ግን ቤቱ ሰላጣ ሰላጣ አይሸትም። ዝገቱን ደግሞ የሎሚ ግማሽ ጨው እየነከርኩ እያሸሁ፣ ሩብ ሰዓት እየተውኩ፣ በ6 ዙር ሳሳልኝ፣ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።

አንድ ያበላሸሁት ነገር አለ፣ ልደብቃችሁ አልችልም። ገና በአቼቶ እያለሁ አንድ ማታ የነከርኩትን ሶፍት ለጥፌ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጠዋት ሳነሳው ቅርፊቱ የለም፣ የኢናሜሉ ልስላሴም የለም፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ቦታ ፈዞ ቀርቷል። የድሮ ኢናሜል አሲድ አይችልም፣ በተለይ የተጫረ። ባለ ህንጻ መሳሪያው ሴራሚክ ሚታጠብበትን ኃይለኛ አሲድ ውሰድ ብሎኝ ነበር፣ አቼቶ እንዲህ ካደረገው ያ ምን ሊያደርግ እንደነበር አስቡት። ወለሉም የድሮ አበባ አበባ የሲሚንቶ ንጣፍ ነው፣ አሲድ የነካው ቦታ ቀለሙ ይለቃል፣ አሁን ስሰራ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ እሸፍናለሁ።

5ኛው ሳምንት ላይ ነን። ቀበቶው ከሩብ በታች ቀርቷል። ለገላ ከደረቅ ሳሙና ወደ ፈሳሹ ተዛውሬያለሁ፣ ሻማዋ መመለስ አቆመች ማለት ይቻላል፣ ከታጠብኩ በኋላም በአሮጌ ካናቴራ አደርቀዋለሁ፣ ያልደረቀ ውሃ የነገ ቅርፊት ነው። ችግሩ ግን ውሃ ማጠራቀሙ አልቀረም። ባለፈው ሳምንት ለ4 ቀን ሞልቼ አስቀምጬው ነበር፣ ውሃው ጎደል ሲል አየሁ፣ ያቺ የፈዘዘችው ቦታ ላይ ክር የምታክል ነጭ መስመር ጀምራለች፣ ሌላው ጎን ላይ የለችም። ዛሬ ጠዋት በተጨመቀ ሎሚ አንዴ ሳብኳት፣ ወጣች። ለሚቀጥለው ፈረቃ ሰማያዊ በርሜል እያፈላለግኩ ነው።