ሰማዩ ነግቷል

ትንሽ ሙዚየም ውስጥ የሥራ መደብ የሚባለው ነገር ወረቀት ላይ ብቻ ነው። እኛ አምስት ነን። ኃላፊዋ ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ሲብስ ቧንቧም ትጠግናለች። አስጎብኚያችን ቅዳሜ ቅዳሜ ትኬት ይቆርጣል። የፅዳት ሠራተኛዋ የየትኛው ሣጥን ቁልፍ የት እንዳለ ከሁላችንም በላይ ታውቃለች። እኔ መዝገብ ያዥ እባላለሁ፤ ግን መብራት የምሰቅለውም እኔው ነኝ። ነገሩ የመጣውም ከዚሁ ነው።

አምስተኛው ጋሼ ናቸው፣ የአዳራሹ ጥበቃ። በሩ አጠገብ ወንበር አላቸው። ከወንበራቸው ፊት ለፊት አንድ የውሃ ቀለም ሥዕል ተሰቅሏል። ሐይቅ፣ ሁለት ጀልባ፣ ከላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ሮዝ የለበሰ ሰማይ። አንድ ቤተሰብ ከአያቱ የወረሰውን ነው ያበረከተልን።

ጎብኚዎች አዳራሹ ጨለመ እያሉ ያማርሩ ነበር። አንድ ዐውደ ርእይ ሲከፈት ሁለት ሃሎጅን ስፖት ላይት አምጥቼ ሥዕሉ ላይ አነጣጠርኩ። ፏ አለ! ሁሉም አመሰገነኝ። ዐውደ ርእዩ አለቀ፣ መብራቶቹ ግን እዚያው ቀሩ። ማን ያንሳቸው? የሚያነሳው እኔ ነበርኩ።

ከዓመት በላይ ሆኖታል። አንድ ጠዋት ጋሼ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ያ ሰማይ እኮ ድሮ መሽቶ ነበር። አሁን ነግቷል።»

ሳቅሁ። «ጋሼ፣ ገጣሚ ሆኑ እንዴ?» አልኳቸው። እሳቸውም ፈገግ ብለው ተውት። ለአስጎብኚው እንደ ቀልድ አወራሁለት። ዛሬም ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

ሦስት ወር ያህል ቆይቶ የሥዕሉ መስታወት ጥጉ ላይ ተሰነጠቀ። ልቀይረው ከፍሬሙ አወጣሁት። ሥዕሉን ዙሪያውን የሚይዘውን ካርቶን ሳነሳ እጄ ቆመ። ካርቶኑ ሸፍኖት የነበረው ጣት የማይሞላ ጠርዝ ትናንት የተቀባ ይመስላል፤ ደማቅ፣ የመሸ ሮዝ። ከሱ ወደ ውስጥ ያለው ሰማይ ግን ገርጥቶ ነጭ ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ቀጥ ያለ ነበር። ለመከራከርም አይመችም።

ብርሃን ቀለምን ቀስ በቀስ ይሰብረዋል። በተለይ ካርሚንን የመሳሰሉ ቀይና ሮዝ የውሃ ቀለሞች ቶሎ ይሄዳሉ፤ የሄደው ደግሞ አይመለስም። መብራት ማጥፋት ጉዳቱን ያስቆማል እንጂ አያክምም። በወረቀት ላይ ለተሠራ ሥዕል የተለመደው ጣሪያ 50 ሉክስ ነው (ሉክስ የሚያርፈው ብርሃን የሚለካበት አሃድ ነው)። መለኪያ ተውሼ ብለካው 310 አለኝ። በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ቢባል፣ በስድስት ዓመት የሚያየውን ብርሃን በአንድ ዓመት አጠጣሁት ማለት ነው። (ኤልኢዲ ቢሆን ይተርፍ ነበር ያለኝ ሰው አለ። አይተርፍም። ኤልኢዲ አልትራቫዮሌቱ ኢምንት ነው፤ ለዓይን የሚታየው ብርሃን ራሱ ግን ያደበዝዛል።)

ከሁሉ የከበደኝ ለቤተሰቡ መንገር ነበር። እኔ ሪፖርት ጽፌ፣ ትንሽ አለሳልሼ ልልክ አስቤ ነበር። ኃላፊዋ «ዛሬውኑ ደውል» አለችኝ። ሥዕሉን የሣሉት ሰው የልጅ ልጅ መጣች። ጠርዙን ለረጅም ጊዜ አየችው። ያልጠበቅሁትን ነገር ጠየቀችኝ፦

«መጀመሪያ ያየው ማነው?»

ወደ ወንበሩ ጠቆምኩ። ሄዳ ከጋሼ አጠገብ ቆመች። ምን እንዳወሩ አልሰማሁም። አያቷ የሣሉት ሰማይ ምን ይመስል እንደነበር ግን ከሳቸው የተሻለ የሚነግራት አልነበረም።

ሥዕሉ አሁን መሳቢያ ውስጥ፣ ጨለማ ውስጥ ያርፋል። ሌሎቹን የወረቀት ሥራዎች በየሦስት ወሩ እናፈራርቃለን። ግድግዳው ላይ የብርሃን መመርመሪያ ካርድ ለጥፈናል፤ በተለያየ ሰማያዊ ቀለም የተነከሩ የሱፍ ቁርጥራጮች ናቸው፣ ግማሻቸው ተሸፍኖ። የተገለጠው ግማሽ ከተሸፈነው መለየት ሲጀምር መብራቱ እንደበዛ እናውቃለን።

ለጋሼም ደብተር ገዛንላቸው። መጀመሪያ «እኔ ምን እጽፋለሁ?» ብለው ነበር። አሁን ሁለተኛውን ጀምረዋል። «ሦስተኛው ሣጥን መስታወቱ ጠዋት ጠዋት ያልበዋል» ይላል አንዱ። እውነትም እርጥበት ገብቶበት ነበር። ሰኞ ዕለት የጻፉት ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ከበሩ በስተግራ ያለው ፎቶ ጥጉ ቢጫ ጀምሮታል። ወይ ደግሞ ዓይኔ ነው። እዩት።»

አየነው። ዓይናቸው አልነበረም።