የግቢያችንን ውሻ ጩኸት መለየት እንዴት ቻልኩ

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ የሚኖር ሰው ሌሊት የውሻ ጩኸት ብርቁ አይደለም። አንዱ ይጀምራል፣ ሰፈሩ ሁሉ ይቀበለዋል። የኛው ቡቺም አይቀርም። ጎረቤት ‹‹ይሄ ውሻችሁ ዝም ብሎ ይጮኻል›› ሲል ግን አልዋጥልህ አለኝ። ዝም ብሎ የሚጮህ ውሻ መኖሩን ተጠራጠርኩ።

ዘዴዬ ቀላል ነበር። ቡቺ ሲጮህ በስልኬ እቀዳለሁ። ጠዋት ዘበኛችንን፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸውን፣ ‹‹ማታ ምን መጥቶ ነው?›› እላቸዋለሁ። እሳቸው ያዩትን ይነግሩኛል፣ እኔ ቅጂውን ‹‹ሰው በር ላይ››፣ ‹‹ጅብ››፣ ‹‹ብቻውን ታስሮ›› እያልኩ ስም እሰጠዋለሁ። ጥቂት ሲጠራቀም ጆሮዬ ራሱ መለየት ጀመረ።

የማያውቀው ሰው በር ላይ ሲቆም ድምፁ ወፍራምና ሻካራ ነው። እረፍት የለውም፣ አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረባል። ሁላችንም ወጥተን ሰንሰለቱ ላይ ብቻውን ሲቀር ደግሞ ድምፁ ይቀጥናል፣ በየመሃሉም ቆም ይላል። ጅብ ሲመጣ መጀመሪያ ከአጥሩ ይርቃል፣ ጀርባውን ለቤቱ ግድግዳ ይሰጣል፣ ከዚያ ነው የሚጮኸው። ጎረቤትን ያማረረው ቀጭኑ ጩኸት ነበር። ቀን ቀን ከሰንሰለቱ እንዲፈታ ስናደርግ እሱ በአብዛኛው ቀረ።

በኋላ ሳነብ የሃንጋሪ ተመራማሪዎች ነገሩን በሙከራ እንዳዩት አገኘሁ። ቡዳፔስት ባለው የኤትቮሽ ሎራንድ ዩኒቨርሲቲ እነ ፔተር ፖንግራትስ ሙዲ የሚባለውን የእረኛ ውሻ ጩኸት ቀድተው ለሰዎች አሰሙ። ውጤቱን ያወጡት በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። ውሻ ያለውም የሌለውም ሰው፣ ውሻው በምን ሁኔታ ላይ ሆኖ እንደጮኸ በግምት ከሚገኘው በላይ ለይቷል። ወፍራምና የተደራረበው ቁጣ፣ ቀጭንና የተራራቀው ፍርሃት ወይም ብቸኝነት ይመስላቸዋል። ይሄን ለአባባ ስነግራቸው ‹‹ይቺን ለማወቅ ነው ፈረንጅ ይሄን ሁሉ የሚማረው?›› ብለው ሳቁብኝ።

ጩኸቱ ግን ትንሹ ነገር ነው። ብዙው ያለው ሰውነቱ ላይ ነው። እሱን የተማርኩት ቪዲዮ እየቀረጽኩ፣ ቀስ አድርጌ በማጫወት ነው። አንድ ቀን የእህቴ ልጅ ቡቺን አንገቱን አቅፋ ስትስቅ ቀረጽኳት። እህቴ ‹‹ጅራቱን እየቆላ እኮ ነው፣ ደስ ብሎታል›› አለች። ቪዲዮውን አዘግይተን አየነው። ቡቺ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሯል። አፍንጫውን ቶሎ ላስ ያደርጋል። እንቅልፍ ሳይኖረው ያዛጋል። የዓይኑ ነጭ ከጎን ይታያል፣ አፉ ግጥም ብሏል። ጅራቱ ይወዛወዛል፣ ሌላው ሰውነቱ ግን ድርቅ ያለ ነው። ‹‹ልቀቂኝ›› እያለ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ስትጠራው ካልመጣ አትነካውም።

ስለ ጅራት ካነሳን፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ እነ ጆርጆ ቫሎርቲጋራ አንድ የሚገርም ነገር አሳይተዋል። ውሻ ባለቤቱን ሲያይ ጅራቱን ወደ ቀኝ፣ የማያውቀው ኃይለኛ ውሻ ሲያይ ወደ ግራ አዘንብሎ ይቆላል። በቡቺ ሞከርኩት፣ በዓይኔ ልለየው አልቻልኩም። እኔ የምጠቀመው ቀለል ያለውን ነው። ጅራቱ ዝቅ ብሎ ዳሌውም አብሮ ከተወዛወዘ ሰላም ነው። ሽቅብ ተገትሮ በአጭር በአጭሩ ከተርገፈገፈ እጄን እሰበስባለሁ።

ማጉረምረም ላይ ከብዙ ሰው ጋር አንስማማም። እኛ ሰፈር ያጉረመረመ ውሻ ዱላ ይቀምሳል። በዱላ የሚጠፋው ግን ማስጠንቀቂያው ነው እንጂ ፍርሃቱ አይደለም። ማጉረምረም ያስተዉት ውሻ ድምፅ ሳያሰማ ሊነክስ ይችላል። ቡቺ ሲበላ ካጉረመረመ ራቅ እንላለን፣ በቃ።

የመንገድ ውሾች ደግሞ ሰውን ከእኛ በላይ ያነባሉ። የአዲስ አበባ ውሻ ሰው ጎንበስ ሲል ድንጋይ ሊያነሳ መሆኑን ያውቃል። የጫማዬን ክር እያሰርኩ ስንቱን አባርሬያለሁ! ስለዚህ ላለማስደንገጥ ስፈልግ አላጎነብስም፣ ዓይኑ ላይም አላፈጥም። ጎኔን ሰጥቼ እቆማለሁ፣ ከፈለገ ራሱ ይመጣል።

አንድ ውሻ ግን ለማንበብ አይሞከርም። ያለ ምንም ምልክት የሚነክስ፣ የሚንገዳገድ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ድምፁ የተለወጠ ከሆነ መራቅ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ክትባቱ ወዳለበት ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። የበሽታው ምልክት ሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል።