ያላየሁት ወንዝ

ጋንፓውደር ፎልስን በካርታ እንጂ በእግሬ አላውቀውም። ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፤ ከባልቲሞር በ83 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ወጥቶ ሄርፎርድ ላይ መውረድ ነው። «ፎልስ» ስለተባለ ፏፏቴ አይጠበቅበትም፤ በዚያ የሜሪላንድ አካባቢ ፎልስ የሚሉት ወንዙን ራሱን ነው። ትራውት የሚባለውን የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ላጠምድበት ለጥቅምት 14፣ ለቅዳሜ ይዤዋለሁ፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 24 ይውላል። እስከዚያ ሦስት ሳምንት አለኝ።

እንግዳ ወንዝ ላይ ብዙ ሰው ዝግጅቱን ከዕቃው ይጀምራል፤ የትኛው ዘንግ፣ የትኛው ማባበያ ይላል። እኔ ከውኃው መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። ውኃው ስንት ነው? ምን ያህል ይቀዘቅዛል? ከየት ነው የሚመጣው? በመጸው ደግሞ አራተኛ ጥያቄ አለ፤ የዓሣው እንቁላል የት ነው ያለው? እነዚህ ከተመለሱ የዕቃው ነገር አያስቸግርም።

ወንዙ ትራውት ሊይዝ የቻለው በፕሪቲቦይ ግድብ ምክንያት ነው። ግድቡ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ለባልቲሞር ከተማ የመጠጥ ውኃ ተሠራ። ከሐይቁ ጥልቅ ክፍል የሚለቀቀው ውኃ ቀዝቃዛ ስለሆነ ወንዙ በሐምሌ ሙቀት እንኳ ትራውት ያኖራል። ትራውት ደህና የሚበላው ውኃው ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው፤ 20 ካለፈ ኦክስጅን ያጥረዋል፣ ተይዞ ቢለቀቅም ሊሞት ይችላል። በመጸው ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከግድብ ሥር የሚወጣ ውኃ የአየሩን ለውጥ የሚከተለው ዘግይቶ ነው፤ ስለዚህ ውርጭ ባደረበት ጠዋት ከግድቡ አጠገብ ያለው ውኃ ከታችኛው ይልቅ ለብ ይላል። ጠዋት ከላይ ጀምሬ ከሰዓት በኋላ ወደ ታች ልውረድ ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው። አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ግን አለ። ብርዱ ሲገባ የሐይቁ የላይኛው ውኃ እየቀዘቀዘ ይከብድና ይሰምጣል፤ ላይና ታቹ ይደባለቃል። ያን ሰሞን የሚለቀቀው ውኃ ሊደፈርስና ኦክስጅን ሊያንሰው ይችላል። እንዲያ ሆኖ ካገኘሁት ጠዋቱንም ወደ ታች እወርዳለሁ፤ በድንጋይ መካከል እየተጋጨ የወረደ ውኃ በየርምጃው ኦክስጅን ይጨምራልና።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ወንዙ ላይ የተከላቸው መለኪያዎች የሚያልፈውን ውኃ በኢንተርኔት ያሳያሉ። አንዱ ከላይ፣ ፓርክተን አጠገብ ነው፤ ሌላው ታች፣ ግሌንኮ። ሁለቱን ማምታታት ቀላል ነው፤ መዘዙ ግን የማይሆን ቀን መሄድ ወይም የሚሆነውን ቀን መቅረት ነው። ሊትል ፎልስ የሚባለው ገባር ብሉ ማውንት አካባቢ ስለሚገባ፣ ዝናብ ጥሎ የግሌንኮ ቁጥር ሲያሻቅብ ላይኛው ወንዝ ጥርት ብሎ ሊቆይ ይችላል። የምሄደው ወደ ላይኛው ስለሆነ የማየው ፓርክተንን ነው። ቁጥሩ የሚጻፈው በኪዩቢክ ጫማ በሰከንድ ነው፤ አንዱ ወደ 28 ሊትር ይጠጋል፣ 50 ካለ በየሰከንዱ 1,400 ሊትር ያልፋል ማለት ነው። ለራሴ ያወጣሁት ወሰን ይህ ነው፦ ከ40 እስከ 100 ከሆነ ውኃ ውስጥ ገብቼ አጠምዳለሁ፤ 150 ካለፈ ወለሉን የማላውቀው ወንዝ ነውና ከዳር አልፌ አልገባም፤ 250 ከሆነ ቀኑን እለውጣለሁ።

የዝናብ ትንበያ ብቻውን አይበቃም። ባልቲሞር ታች ያለውን የሎክ ሬቨንን ሐይቅ መሙላት ስትፈልግ ከፕሪቲቦይ ውኃ ትለቃለች፤ ያኔ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ይሞላል። ስለዚህ የማየው የዕለቱን ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሳምንቱን መስመር ነው። መስመሩ አራትና አምስት ቀን ዝም ብሎ ከተኛ ዓሣው ቦታውን ይዟል፣ የለመደው ድንጋይ ሥር ይገኛል። ሌሊቱን ዘሎ ከሆነ ዓሣው ኃይለኛውን ውኃ ሸሽቶ ወደ ዳር ተጠግቷል፤ መሐል መሐሉን መወርወር ድካም ብቻ ነው፣ ከእግሬ ሥር እጀምራለሁ።

ከግድቡ ወደ ታች መኪና መንገድ ወንዙን የሚያገኝባቸው ቦታዎች በተራ ፎልስ ሮድ፣ ማስሞር፣ በንከር ሂል፣ ዮርክ ሮድ፣ ቢግ ፎልስና ብሉ ማውንት ናቸው። ካርታው ላይ የከፍታ መስመሮቹ ከፎልስ ሮድ በላይ ተጨናንቀዋል፤ ገደልና ትልልቅ ድንጋይ ነው። ማስሞር ላይ መስመሮቹ ይራራቃሉ፣ ወንዙም ረጋ ይላል። ጠዋት ፎልስ ሮድ፣ ከሰዓት ማስሞር፤ ከዚያ በላይ አልጨምርም። በእንግዳ ወንዝ ትልቁ ስሕተት ሁሉንም ቦታ ለማየት ሲሉ መኪና ውስጥ መዋል ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር ውኃ በወጉ ካጠመዱት ቀኑን ይጨርሳል። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ዘንጉን ሳልገጣጥም፣ የውኃ ነጸብራቅ የሚቆርጥ መነጽር አድርጌ በዳሩ መንገድ ብቻ እሄዳለሁ።

ያ ግማሽ ሰዓት የተመደበው ለእንቁላሉ ነው። ከትራውት ዓይነቶች አንዱ የሆነው ብራውን ትራውት የሚወልደው በመጸው ነው፤ እዚህ ከኦክቶበር መጨረሻ ይጀምርና በኖቬምበር ይበረታል። ሴቷ የምትመርጠው ጥልቁ ውኃ አብቅቶ ሳሳ እያለ መፍጠን የሚጀምርበትን፣ ከጉልበት በታች የሆነ ጠጠራማ ቦታ ነው። በጎኗ ጋደም ብላ በጅራቷ ጠጠሩን ትገርፈዋለች። ደለሉና አልጌው ታጥቦ ይሄድና በጠቆረው ወለል ላይ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ የሚያህል ነጣ ያለ ሞላላ ምልክት ይቀራል። ጉድጓዱ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች፣ ወንዱ ዘሩን ይለቅበታል፤ ከዚያ ትንሽ ወደ ላይ ፈቀቅ ብላ እንደገና ስትቆፍር የተነሣው ጠጠር ወርዶ ያለብሰዋል። እንግዲህ እንቁላሉ ያለው በሚታየው ጉድጓድ ውስጥ አይደለም፤ ከጉድጓዱ ወደ ታች ባለችው ጉብታ ሥር ነው። ብዙ ሰው ጉድጓዱን አይቶ በጥንቃቄ ይሻገርና ልክ ጉብታዋ ላይ ያርፋል። አንድ ጫማ፣ አንድ ጊዜ፤ ሥሩ ያለው ይፈርጣል።

የመፈልፈያው ጊዜ የሚቆጠረው በውኃው ሙቀት ነው። የየቀኑ ዲግሪ ተደምሮ 400 አልፎ ጥቂት ሲሄድ እንቁላሉ ይከፈታል፤ ባለ 5 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ከ80 ቀን በላይ ይፈጃል። ጫጩቱ ከዚያም በኋላ ሳምንታት ጠጠሩ ውስጥ ተሸሽጎ ይቆያል። ስለዚህ ጥንቃቄው እስከ ማርች ድረስ ነው። ነጣ ያለ ጠጠር ያየሁበትን ቦታ ካርታዬ ላይ ምልክት አደርጋለሁ፤ አልረግጠውም፣ እዚያ ላይ የቆመውን ዓሣም አልወረውርበትም። ጉብታ ላይ ያለ ዓሣ የሚነክሰው ርቦት ሳይሆን ቦታውን ሊከላከል ነው፤ ያን መያዝ ለእኔ ማጥመድ አይባልም። በዚህ የወንዙ ክፍል የሚኖረው ብራውን እዚያው ተፈልፍሎ ያደገ ነውና ከጠጠሩ ሥር ያለው የወንዙ የነገ ዓሣ ነው። ብራውን ትራውት ለአሜሪካ ባዕድ ነበር፤ የመጀመሪያው እንቁላል ከጀርመን የመጣው በ1883 ነው። በባሌ፣ በዌብና በዳንካ ወንዞች ያለው ትራውትም ከኬንያ መጥቶ ነው አገር የለመደው።

በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ለትራውትም ይሠራል። ከመውለዱ በፊትና ብርዱ ሳይጠና በደንብ ይበላል። ግን የሚያገኘው ምግብ ደቃቅ ነው፤ በዚህ ወቅት ከውኃው የሚወጡት ግራጫማ ትንኝ መሰል ነፍሳት የስንዴ ፍሬ አያህሉም። ስለዚህ ሰው ሠራሽ ዝንቦቼ ከቁጥር 18 እስከ 22 ናቸው፤ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። ወለል ላይ ለሚሄደው ደግሞ ከፌዛንት ጅራት ላባ የተሠራውን፣ ቁጥር 16፣ ስድስት ፍሬ። ለዳመና ቀን ዉሊ በገር የሚባለው፣ ጠለቅ ብሎ የሚጎተተው ጥቁር ዝንብ፣ ቁጥር 10፣ ሦስት። ዘንጉ 9 ጫማ፣ ባለ 4 ክብደት፣ ማለትም ለቀለል ያለ ክር የሚሆን። የመጨረሻው ቀጭን ክር 6ኤክስ፤ የኤክሱን ቁጥር ከ11 ሲቀንሱ ውፍረቱን በሺኛ ኢንች ይሰጣል፣ ስለዚህ 6ኤክስ 0.005 ኢንች ነው። የዝንቡን ቁጥር ለ3 ማካፈልም ክሩን ያሳውቃል፦ 18 ለ3፣ 6። ክሩ ወፍራም ከሆነ ደቃቋ ዝንብ እንደ ልቧ አትንሳፈፍም፣ ዓሣውም በጠራ ውኃ ክሩን ያየዋል።

ለወለሉ ማጥመድ ክሩ ላይ ከሚታሰረው ተንሳፋፊ ምልክት እስከ ዝንቧ ያለው ርቀት የውኃውን ጥልቀት አንድ ጊዜ ተኩል ይሁን። ዝንቧ አልፎ አልፎ ድንጋይ ካልነካች ከፍ ብላ እያለፈች ነው፤ የጎመን ዘር የምታህል የእርሳስ ክብደት አንድ ክሩ ላይ ይጨመራል። በየውርወራው ከተያዘች ደግሞ አንድ ይቀነሳል። ከሁሉ የሚያበላሸው ግን መጎተት ነው፤ መካከል ያለው ፈጣን ውኃ ክሩን ቀድሞ ይወስድና ዝንቧ ከአረፋው ፈጥና ትሄዳለች። ትራውት የሚሮጥ ትንኝ አያምንም። መድኃኒቱ ክሩን እንዳረፈ ወደ ላይ ማጠፍና ሁለት እርምጃ መቅረብ ነው፤ ክሩ ሲያጥር ውኃው የሚይዘው ያጣል።

ቅጠሉም አለ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ወንዙ ቅጠል ይሸከማል፤ ዉሊ በገር ቅጠል ይሰበስባል እንጂ ዓሣ አይዝም። ጠዋት ንፋሱ ሳይነሣ የጠለቀውን እጨርሳለሁ፤ ቅጠሉ ሲበዛ በቅጠሎቹ መካከል ባለው ክፍት ውኃ ላይ ተንሳፋፊ ዝንብ አስቀምጣለሁ።

ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፤ በጭኔ ልክ ከደረሰ አልሻገርም። የውኃ ሱሪው፣ ዌደሩ፣ ወገቡ ላይ በቀበቶ ይጠብቃል፤ ቢያዳልጠኝ ውኃው ወደ እግሬ እንዳይሞላ። ምርኩዝ እይዛለሁ፣ አንዱ እግር ሳይደላደል ሌላውን አላነሣም። የጫማው ሶል ጎማ መሆን አለበት። ሜሪላንድ የጨርቅ ሶልን በ2011 ከልክላለች፤ ምክንያቱም ዲዲሞ የሚባለው አልጌ በእርጥብ ጨርቅ ውስጥ ተደብቆ ከወንዝ ወደ ወንዝ ስለሚጓዝ ነው። ይህ ወንዝም በ2008 ተገኝቶበታል።

ፈቃዱ ቀላል ነው፤ የሜሪላንድ የጨው አልባ ውኃ ማጥመጃ ፈቃድና የትራውት ቴምብር ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ቨርጂኒያ ወይም ዲሲ የሚኖር ሰው እንደ ውጭ ነዋሪ ይገዛል። ከግድቡ እስከ ብሉ ማውንት ድረስ የተያዘው ሁሉ ይለቀቃል፤ ትል፣ በቆሎ፣ ሊጥ አይፈቀድም። መንጠቆው ላይ ወደ ኋላ የምትጠቁመዋን እሾህ ቤት ሳለሁ በፒንሳ እጨፈልቃታለሁ። ዓሣውን ከመንካቴ በፊት እጄን አረጥባለሁ፤ ደረቅ እጅ ከበሽታ የሚከላከልለትን ዝልግልግ ልባስ ይገፍፈዋል። ከውኃ ቢወጣ እስከ 10 ቢቆጠር ነው።

ወቅቱ የአጋዘን አደን ነውና ብርቱካናማ ቆብ አደርጋለሁ። መዥገር በዚህ ብርድም አይጠፋም፤ ማታ ብብትና ጉልበት ሥር ይፈተሻል። ጽጌ ጾም ላይ ስለሚውል ስንቄ ዳቦ፣ ቆሎና በፔርሙዝ ሻይ ነው። ሸለቆው ውስጥ ስልክ ላይሠራ ይችላልና የት እንደምቆምና ስንት ሰዓት እንደምመለስ ለቤት ጽፌ እተዋለሁ። መጀመር የምፈልገው 3 ሰዓት፣ በአሜሪካው 9 ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት መሄድ ብርድ መጠጣት ነው፣ ነፍሳቱም የሚወጡት እኩለ ቀን አካባቢ ነው።

ዓርብ ማታ የፓርክተንን ቁጥር ለመጨረሻ ጊዜ አያለሁ። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ዌደሩና ጫማው ይታጠባሉ፦ ግማሽ ሊትር የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ባልዲ ውስጥ ተደርጎ በውኃ 10 ሊትር ይሞላል፤ ሁሉም ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይነከራል፣ ማሰሪያው ሥር ያለው ጭቃ በብሩሽ ይወጣል፤ ነክቶ እስኪደርቅ ይሰቀላል፣ ከደረቀ በኋላም ሌላ ወንዝ ሳይነካ ሁለት ቀን ይቆያል።