ኬ134 ፍለጋ፦ የአጎቴን የሂታቺ አምፕ ደሴ ላይ እንዴት እንደጠገንኩት

ይህን የምጽፈው ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። እንደ ኬ134 ያለ፣ ፋብሪካው ማምረት ካቆመ ዘመን ያለፈውን ትራንዚስተር «አዲስ ነው፣ ኦሪጅናል ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ወይ ይዋሻል፣ ወይ እሱም ተሸውዷል። ለእናንተ ሁለቱም አንድ ነው። ገንዘባችሁ ሄዷል።

አምፑ የአጎቴ ነው። ጅዳ ሲሠራ ገዝቶ ያመጣው የሂታቺ ፓወር አምፕሊፋየር። ብረቱ ብቻ ወገብ ይሰብራል። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለው ቤቱ ውስጥ ጠዋት መንዙማ፣ ማታ አምባሰልና ባቲ ሲያንቆረቁር የኖረ ዕቃ ነው። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ «ጧ!» አለና ቀኙ ቻናል ዝም አለ። ፊውዝ ቀየረ። ያም ተቃጠለ። ጎረቤቱ የሲጋራ ወረቀት ጠቅልለህ ክተትበት አለው። አጎቴ ደግነቱ አልሰማውም። ፊውዝ ደጋግሞ የሚቃጠለው ውስጥ ሾርት ስላለ ነው። ወፍራም ሽቦ ብትከቱበት የሚቃጠለው ትራንስፎርመሩ ነው፣ እሱን ደግሞ ከየትም አታገኙትም።

ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። ስፒናውን ነቅዬ ክዳኑን ፈታሁ። አቧራውን በብሩሽ ጠረግኩ። ትልልቆቹን ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን፣ በሬዚስተር አፈሰስኳቸው። በካቻቢቴ እያገናኙ ብልጭ የሚያደርጉ ባለሙያዎች አሉ፤ እነሱን አትስሙ። የስፒከር መከላከያውን ሪሌይ ጥርስ አጸዳሁ። ኢንተርኔት ላይ «ካፓሲተሩን በሙሉ ቀይር» የሚል ምክር ሞልቷል። እኔ አልቀየርኩም። ለካሁ፣ ያበጡትንና የደከሙትን ብቻ አወጣሁ። የድሮ የጃፓን ካፓሲተር ዛሬ ሱቅ ከሚሸጠው ስም የለሽ ካፓሲተር ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ከዚያ ሂትሲንኩ (ሙቀት የሚያወጣው ብረት) ላይ ያሉትን ትራንዚስተሮች ለካሁ። የቀኙ ቻናል ሾርት ሆኗል። ቆርቆሮው ላይ ኬ134 እና ጄ49 ይላል። ሙሉ ስማቸው 2ኤስኬ134 እና 2ኤስጄ49 ነው። ጣጣው የጀመረው እዚህ ጋ ነው።

እነዚህ ተራ ትራንዚስተሮች አይደሉም። ሂታቺ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በተለይ ለድምፅ ብሎ የሠራቸው ላተራል የሚባሉ ሞስፌቶች፣ ማለትም በቮልቴጅ የሚታዘዙ ትራንዚስተሮች ናቸው። 140 ቮልት ይችላሉ፣ 7 አምፔር ያሳልፋሉ። ትልቁ ጸባያቸው ሲሞቁ ነው። ከ100 ሚሊ አምፔር ገደማ በላይ ሲሠሩ፣ ሙቀት ሲጨምር የሚያሳልፉት ከረንት ይቀንሳል። ራሳቸውን ያበርዳሉ ማለት ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ እነሱ ያሉበት ሰርኪዩት ሙቀት የሚከታተል ክፍል የለውም። አያስፈልገውማ።

ደሴ ፒያሳም አራዳም ዞርኩ። ኬ134 ያለው የለም። ሁሉም የሚመልሱልኝ መልስ ግን አንድ ነበር፦ «አይአርኤፍ ግጠምበት፣ ሞስፌት ሞስፌት ነው።» አይደለም! አይአርኤፍ የሚባሉት ሞስፌቶች በር የሚከፍቱት ከ2 እስከ 4 ቮልት ሲያገኙ ነው። ላተራሉ ከ1 ቮልት በታችም ሊጀምር ይችላል። አይአርኤፍ በእንዲህ ያለ አምፕ ውስጥ ያለ ሥራ ቁጭ ባለበት ሲሞቅ የሚያሳልፈው ከረንት ይጨምራል። ሲጨምር የባሰ ይሞቃል። ሲሞቅ የባሰ ይጨምራል። ሙቀት የሚከታተል በሌለበት ሰርኪዩት ውስጥ መጨረሻው ጭስ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የእግሩ አቀማመጥ ነው። ሞስፌት ሦስት ጫፍ አለው፦ የሚያዘው ጌት፣ ከረንቱ የሚያልፍባቸው ደግሞ ሶርስና ድሬን። ኬ134 ላይ የብረቱ ገላ ሶርስ ነው። ክብ ቆርቆሮ የለበሱት አይአርኤፎች ላይ ገላው ድሬን ነው። ላያቸው መንታ ነው፣ ውስጣቸው ተገላቢጦሽ።

ይህን አውቅ ስለነበር አይአርኤፍ አልገዛሁም። ደሴ ከሌለ አዲስ አበባ ይኖራል ብዬ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረድኩ። መርካቶ ውስጥ አንድ ሱቅ፣ ስሙን አልጠራም፣ መስታወቱ ስር ኬ134 እና ጄ49 ተደርድረው አየሁ። ያብረቀርቃሉ። ጽሑፉ ነጭ፣ ጥርት ያለ።

«ይሄ ከየት መጣ?» አልኩት።

«ኦሪጅናል ጃፓን ነው ወንድሜ፣ አትጠራጠር።»

«ምርቱ ቆሟል እኮ።»

«ለሌላው ቆሟል፣ ለእኛ ይመጣል።»

ቴስተር ስጠኝና ልለካው ስለው ፊቱ ተለወጠ። «እቃዬን ልታቃጥልብኝ ነው? ሞስፌት በእጅ አይነካም» አለ። እውነት ብሎ ነገር አንድ እሱን ነው የተናገረው። የሰውነት ኤሌክትሪክ ሞስፌትን ይጎዳል። ግን ሰውዬው እውነቱን ለውሸቱ መከለያ አደረጋት። ዋጋው የሚያስደነግጥ ነበር። ከፈልኩ።

ደሴ ተመለስኩ። አዲስ ሚካ (ሙቀት እንጂ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ገበር)፣ ስስ የሙቀት ቅባት፣ ብሎኑ ጠበቅ። በገላውና በሂትሲንኩ መካከል ግንኙነት አለመኖሩን ለካሁ። የለም። አምፑን ከመብራት ጋር ያገናኘሁት በቀጥታ ሳይሆን በአምፖል በኩል ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለ 100 ዋት፣ ክር ያለው የድሮ ቢጫ አምፖል በአንዱ የመብራት ሽቦ ላይ መሃል ታስገባላችሁ። አምፑ ጤነኛ ከሆነ አምፖሉ ለአፍታ ቦግ ብሎ ይደበዝዛል። ሾርት ካለ ቦግ እንዳለ ይቀራል፣ ከረንቱን እሱ ይይዘዋል፣ የከፈላችሁበት ዕቃ ይተርፋል። ኤልኢዲ አይሆንም። ክር ያለው አምፖል ካገኛችሁ ሁለት ሦስት ገዝታችሁ አስቀምጡ፣ እየጠፋ ነው።

አበራሁ። አምፖሉ ቦግ አለ። አልደበዘዘም።

አጎቴ ከኋላዬ ቆሟል። «አንተ ልጅ፣ ይባስ ገደልከው እንዴ?»

አጠፋሁ። ሁሉንም ፈታሁ። ሚካውን ቀየርኩ። ብየዳዬን በማጉያ መነጽር አየሁ። ዳዮዶቹን፣ ትናንሾቹን ትራንዚስተሮች፣ ጌት ላይ ያሉትን ሬዚስተሮች አንድ በአንድ እያነሳሁ ለካሁ። ደህና ናቸው። መልሼ ገጠምኩ። ቦግ። የግራውን ቻናል ነቅዬ ሞከርኩ። ቦግ። የተቃጠለብኝ ጊዜ አሁንም ያንገበግበኛል። ምክንያቱም ጥፋቱን ስፈልግ የነበረው አምፑ ውስጥ ነው፣ ጥፋቱ ግን የመጣው በፌስታል ተጠቅልሎ ከመርካቶ ነበር።

በመጨረሻ የላብራቶሪ ሥራ የሚያውቅ ጓደኛዬ መጣ። የተገጠመውን ሳይሆን አሮጌውን፣ ከግራው ቻናል የወጣውን ጤነኛ ኬ134 አነሳ። ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ለካቸው። አሮጌው በአንድ አቅጣጫ አነበበ። አዲሱ በተቃራኒው። ገላው ድሬን ነው! ማንነቱ ያልታወቀ ተራ ሞስፌት ቆርቆሮው ተፍቆ፣ ኬ134 ተብሎ ታትሞበታል። ውስጡ ያለው ዳዮድ ስለተገለበጠ ከፖዘቲቩ መስመር ወደ ኔጋቲቩ ቀጥታ መንገድ ከፍቷል። አምፖሉ ባይኖር ኖሮ ቦርዱም አብሮ ይሄድ ነበር። ንዴቴን ለመወጣት አንዱን በብረት መጋዝ ቆረጥኩት። ውስጡ ያለው ቺፕ የጤፍ ፍሬ ታክላለች።

ስለዚህ ይህቺን ያዙ። ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ። መጀመሪያ የጌቱን እግር ከብረቱ ገላ ጋር ለአፍታ አገናኙት። ቴስተሩን ዳዮድ ላይ አድርጉ። ለኬ134 ቀዩ ሽቦ ገላው ላይ፣ ጥቁሩ ድሬን እግር ላይ። ግማሽ ቮልት አካባቢ ማንበብ አለበት። ሽቦዎቹን ስታገላብጡ ምንም ማንበብ የለበትም። ለጄ49 ሁሉም በተቃራኒው ነው፣ ቀዩ ድሬን ላይ፣ ጥቁሩ ገላው ላይ። ከዚያ ጌቱን ከሌሎቹ ጋር ለኩት። በየትኛውም አቅጣጫ ዳዮድ ካሳየ ሞስፌትም አይደለም፣ ተራ ትራንዚስተር ነው የሸጡላችሁ። ይህን ፈተና ማለፍ ብቻውን እውነተኛ አያደርገውም። መውደቅ ግን ፎርጅድ መሆኑን ያረጋግጣል። ሻጩ አትለካም ካለ፣ ቴስተራችሁን ኪሳችሁ ከታችሁ ውጡ።

ወደ መርካቶው ሻጭ ደወልኩ። «ተገጥሞ የተነቀለ ዕቃ አይመለስም» አለ። ፎርጅድ ነው እኮ ስለው «አንተ አበላሽተኸው ይሆናል» አለኝ። ገላው ድሬን የሆነው እኔ ስለበየድኩት ነው እንግዲህ!

የሰርቪስ ማኑዋሉ «በተመሳሳይ ኦሪጅናል ዕቃ ብቻ ተኩ» ይላል። ያኔ ትክክል ነበር። ዛሬ ይህን ምክር የሚከተል ሰው ራሱን ለፎርጅድ ነጋዴ ያስረክባል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ዛሬም በሌላ ስም የሚመረት ላተራል ፈልጉ። የእንግሊዙ ኤክሲኮን አለ። ቢዩዜድ 900 እና ቢዩዜድ 905 የሚባሉት ጥንዶች አሉ፣ ገላቸው እንደ ኬ134 ሶርስ ነው፣ 160 ቮልት ይችላሉ። ሌላው መንገድ የሞተ የመድረክ አምፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠሩ አንዳንድ የመድረክ አምፖች እነዚህኑ የሂታቺ ትራንዚስተሮች ይጠቀሙ ነበር። የሠርግ ባንድ የነበረው ሰው ቆጥ ላይ ጠይቁ።

እኔ እንግሊዝ ያለች የአክስቴን ልጅ ለመንኩ። ገዝታ በጥቅል ላከች። ጥቅሉ ደረሰ፣ እኔ ጋ ግን አልደረሰም። የትኛው ቢሮ እንደያዘው አልናገርም። መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው ትራንዚስተሩን እያገላበጠ «ከመገናኛ ሬዲዮ ጋር ግንኙነት አለው?» አለኝ። የለውም፣ የቴፕ አምፕ ዕቃ ነው አልኩ። «ደብዳቤ አምጣ።» ከማን? «ከሚመለከተው አካል።» የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ ስጠይቅ «እሱን አንተ ታውቃለህ» አለ። ስመላለስ ከረምኩ። አንድ ቀን እሱ ፈቃድ ወጥቶ ሌላ ልጅ ተቀምጧል። ደረሰኙን አየ፣ ፈረመ፣ «ይውሰዱ» አለ። በቃ። ስለዚህ ምክሬ፦ በሻንጣ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ በጥቅል አታስልኩ፣ ደረሰኙም ከዕቃው ጋር ይሁን።

የቀረው ቀላል ነው። ቢዩዜዶቹን ለክቼ ገጠምኩ። አምፖሉ ቦግ ብሎ ደበዘዘ። አጎቴ «አብሽር!» አለ፣ እኔ ግን ገና ስፒከር አላገናኘሁም። መጀመሪያ የስፒከሩ መውጫ ላይ ያለውን ዲሲ (ቀጥተኛ ቮልቴጅ) ለካሁ። ከ50 ሚሊ ቮልት በታች መሆን አለበት፣ ነበር። ከዚያ አምፖሉን አወጣሁ፣ ምክንያቱም አምፖሉ ቮልቴጁን ስለሚጎትተው የመጨረሻውን ባያስ፣ ማለትም ድምፅ በሌለበት በትራንዚስተሮቹ የሚያልፈውን ከረንት፣ በእሱ በኩል መሙላት አይቻልም። እዚህ ላይም ከማኑዋሉ ጋር አልተስማማሁም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ሂትሲንክ እንደ ባሕር ዳርቻ ከተማ አይበርድም። ባያሱን ማኑዋሉ ካለው ትንሽ ዝቅ አደረግኩት። ጆሮ ልዩነቱን አይሰማም፣ ብረቱ ግን እጅ ያስቀምጣል። ኮምቦልቻ ለምትኖሩ ደግሞ ከተማችሁ ዝቅ ብትልም ሙቀቷ አለባችሁ፣ ክዳኑ ላይ የጠረጴዛ ልብስ አታልብሱት።

መብራት ሲጠፋ ስፒናውን ንቀል፣ ሲመለስም ትንሽ ቆይተህ ሰካው ብዬ አጎቴን ለምኜዋለሁ። እሺ ይላል። አይነቅልም።

አንድ ጥንድ ቢዩዜድ ተርፎኛል። ሰምተው የጠየቁኝ አሉ። አይሸጥም። የግራው ቻናል አሁንም በአሮጌዎቹ ነው የሚሠራው።