«ሥራ ቆሟል» ሲሉኝ

ሎስ አንጀለስ፣ ኦገስት 2023። የምሠራው ታክስና ፎርም መሙላት ነው። የሆቴል አንሶላ በሚያጥብ ላውንደሪ የሚሠሩ አንዲት እናት መጥተው ወንበር ሳቡ። «ልጄ፣ ሥራ ቆሟል። አንኢምፕሎይመንት ሙላልኝ።» ሥራ ላጣ ሰው መንግሥት የሚከፍለውን ገንዘብ ማለታቸው ነው።

ለምን ቆመ ብዬ አልጠየቅኋቸውም። ውጭ ሁለት ሰው ተራ ይጠብቃል፣ ቡናዬም እየቀዘቀዘ ነው። ሥራ ያቆሙበትን ምክንያት የሚጠይቀው ጋ ስደርስ «ሌይኦፍ»፣ ማለትም ሥራ ጠፍቶ ተሰናበትኩ፣ የሚለውን ነካሁ። «አድማ ወይም ሎክአውት» የሚል ምርጫም ነበረ፤ አይቼው አለፍኩ።

ለካ እትዬ አድማ ላይ ነበሩ! በእኛ አፍ ሥራም ይቆማል፣ ሠራተኛም ሥራ ያቆማል፤ ጆሮ ለይቶ አይሰማውም። በካሊፎርኒያ ሕግ ግን አሠሪው ሥራ የለም ብሎ ቢያሰናብትህ ይከፈልሃል። ከሠራተኛ ጋር በክርክር መሃል በሩን ቆልፎ ቢያስወጣህም፣ ሎክአውት የሚሉት፣ ይከፈልሃል። በአድማ ራስህ ከወጣህ የለህም።

የመጀመሪያው ሳምንት አይከፈልበትም። ለቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት 340፣ 340 ዶላር ገባላቸው። ቆይቶ ደብዳቤ መጣ፦ 680ውን መልሱ፣ ሐሰት ተናግረዋልና 30 በመቶ ቅጣት፣ 204 ዶላር ጨምሩ።

«ኒውዮርክ ያለችው እህቴ አድመኛ ይከፈለዋል ብላኛለች እኮ» አሉኝ። እህታቸው አልዋሸችም። እዚያ ያኔ አድማው ሁለት ሳምንት ካለፈው ይከፈል ነበር። እኛም ጋ ተመሳሳይ ረቂቅ ሕግ በምክር ቤቱ አልፎ ነበር፤ ገዥው ጋቪን ኒውሰም ሴፕቴምበር 30 ቀን ውድቅ አደረጉት። አንኢምፕሎይመንት የሚከፈልበት ፈንድ ለፌዴራል መንግሥት ወደ 20 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ አለበት አሉ። ዕዳው እውነት ነው፤ ለእትዬ 680 ዶላር ግን ምን ያደርጋል?

ይግባኝ በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ አስገባን። ችሎቱ በስልክ፣ በአስተርጓሚ ነበር። «ፎርሙን የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ሳልጠይቃቸው» አልኩ። ዳኛዋ ዝም ብላ ጻፈች። ቅጣቱ ተነሳ፣ 680ው ግን ይመለስ ተባለ። ግማሹን እኔ ከፈልኩ፤ እሳቸው እምቢ ብለው ነበር።

አሁንም ይመጣሉ። መነጽራቸውን አድርገው ከጎኔ ይቀመጡና ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ያሳርፋሉ። «ይቺን ምን ብለህ ሞላሃት? በአማርኛ ንገረኝ እስቲ።»