መጀመሪያ ዶራ፣ ከዚያ ፔነሙንደ

የተተዉ ፋብሪካዎችንና የጦርነት ፍርስራሾችን ማየት እወዳለሁ። ጀርመን አገር ለሚኖር ሰው ደግሞ ችግር የለም፣ አንድ ቦታ የተዘጋ የከሰል ማዕድን፣ ሌላ ቦታ ምሽግ አይጠፋም። ዝገቱም፣ ከግድግዳው የበቀለው ዛፍም ፎቶ ላይ ያምራል። ኖርድሃውዘን ከተማ አጠገብ፣ ኮንሽታይን ተራራ ሆድ ውስጥ ያለው፣ ዶራ የተባለው የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ዋሻ ግን ካሜራዬን ቦርሳዬ ውስጥ እንድከት አደረገኝ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከባልቲክ ባሕር ዳርቻ ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1943 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ናዚዎች ቬ-2 የተባለውን ቦምብ ተሸካሚ ሮኬት የፈለሰፉበትን ፔነሙንደን ደበደቡ። ከዚያ ምርቱ ከአውሮፕላን ወደማይታይበት ወደዚህ ተራራ ዞረ። ወሩ ሳያልቅ የመጀመሪያዎቹ እስረኞች ከቡከንቫልድ ማጎሪያ ካምፕ መጡ።

ሁለት ረጃጅም ዋሻዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ በመሃላቸው እንደ መሰላል ርብራብ ብዙ አጫጭር ዋሻዎች ያገናኟቸዋል። እስረኞቹ ከነዚህ በአንዳንዶቹ ውስጥ፣ አራት ፎቅ በሆነ የእንጨት አልጋ ላይ፣ ድንጋይ በድማሚት እየፈነዳ፣ አቧራው እያፈናቸው ለወራት ይተኙ ነበር። የፀሐይ ብርሃን ብርቅ ነበር። መጸዳጃቸው ለሁለት የተቆረጠ በርሜል ነበር። ውጭ የተሠራው የዶራ ካምፕ ውስጥ ጠቅልለው የገቡት በ1944 ነው። አሻጥር ሠርተሃል የተባለ ደግሞ እዚያው ዋሻው ውስጥ፣ በክሬን፣ ሌሎቹ እያዩ ይሰቀል ነበር።

ወደ 60,000 እስረኞች በዚህ ካምፕና በቅርንጫፎቹ አልፈዋል። ቢያንስ 20,000ው ሞተዋል። ሮኬቱ ለንደንና አንትወርፐን ላይ ወድቆ ከገደላቸው ይልቅ ሲሠራ የሞቱት ይበልጣሉ። ይሄን ሳነብ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት።

ዛሬ የሮኬት ቁርጥራጮች ወለሉ ላይ ዝገው ተቆልለዋል፣ ዝቅ ያለውን ክፍል የከርሰ ምድር ውሃ ውጦታል።

ፔነሙንደንም አይቻለሁ። የድሮው የኃይል ማመንጫ ሙዚየም ሆኗል፣ ደጁ ላይ ጥቁርና ነጭ የተቀባ የቬ-2 ቅጂ ቆሟል። እውነት ለመናገር ሮኬቱ ያማልላል። በጥቅምት 1942 ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ወጥቷል፤ መሪ መሐንዲሱ ቨርነር ፎን ብራውን በኋላ አሜሪካ ሄዶ ሰውን ጨረቃ ላይ ያደረሰውን ሳተርን 5ን ሠርቷል። ያው ሰው ኮንሽታይን ዋሻ ውስጥ ገብቶ እንደነበር ራሱ አምኗል። ሙዚየሙ የእስረኞቹን ነገር አይደብቅም፣ እሱን ልመስክር። ግን እዚያ ጀምሮ የሚመለስ ሰው ስለ ሞተሩ ሲያወራ ይቆይና እስረኞቹን በስተመጨረሻ ያነሳቸዋል፤ ብዙ ሰው ላይ አይቼዋለሁ።

ስለዚህ ልትሄዱ ያሰባችሁ ዶራን አስቀድሙ። ዋሻው ውስጥ የሚገባው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው፣ በበጋም ይበርዳልና ጃኬት ያዙ። አስጎብኚው ሲጨርስ ቶሎ አትውጡ፤ አስከሬን ማቃጠያው ኮረብታው ላይ እስካሁን አለ፣ እሱንም እዩት።